ሊማሊሞ ላይ የቆረጥነው ዋጋ

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ከሕይወት ጋር አዘዞ ወረድኩ። እዚያ ያገለገሉ መኪኖች ተደርድረው የሚሸጡበት ሰፊ ግቢ አለ፤ ልጄ ሦስት ሳምንት ሙሉ በስልኳ ስታየው የከረመችው ነጭ መኪናም እዚያው ቆሟል። ገንዘቡን ያጠራቀመችው እሷ፣ የምትከራከረውም እሷ ናት። እኔ ለአጃቢነት ነው የሄድኩት። በሩ ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «አባዬ፣ አንተ ዝም ብለህ ቁም። ፊትህ ያስታውቃል» አለችኝ።

አልተቀየምኩም። ሻጩ ወጣት ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ሲያስነሳላት፣ እሷም እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ምንም እንዳልመሰላት ሰው ስትመለከት፣ እኔ በሐሳብ ርቄ ሄድኩ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እኔም እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ቆሜ ነበር፤ ተከራካሪዋ ግን እናቴ ነበረች።

እናቴ ዘነቡ የዛሪማ ነጋዴ ነበረች። ከቆላው ማሽላና ሰሊጥ ወደ ደባርቅ ታወጣለች፤ ከደጋው ባቄላና ነጭ ሽንኩርት ታወርዳለች። አባቴ ከሞተ በኋላ እኔንና ሁለት እህቶቼን ያሳደገችን በዚሁ ነው። እህል የማወቅ ችግር የለባትም፤ ሰው የማወቅ ችግር የለባትም፤ የሚያስቸግራት መኪና ነበር። የጭነት መኪና ያላቸው ሰዎች ደስ ባላቸው ቀን ይመጣሉ፣ ደስ ባላቸው ቀን ይቀራሉ። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ነገ እመጣለሁ ያለ መኪና ዘጠኝ ቀን ቆይቶ መጣ። ሽንኩርቷ በሙሉ ደባርቅ ላይ በዝናብ በሰበሰ። እናቴ አላለቀሰችም። በሳምንቱ እኔን ጎንደር ልካ መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ አደረገች። መንጃ ፈቃዱን ይዤ ስመለስ ደግሞ፣ «በል፣ ጥቅምት ላይ መኪና እንገዛለን» አለችኝ፤ ልክ በግ እንገዛለን እንደሚባለው።

ያን ጊዜ በዛሪማ የራሱ መኪና ያለው ሰው አልነበረም ብል ብዙ አልዋሸሁም። እስከ ጥቅምት ድረስ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከእኔ ጋር ተጣላ። ምግብ ስበላ እንኳ ቀኝ እጄ ሳላውቀው ማርሽ ይቀይር ነበር፤ እህቶቼ ይስቁብኛል።

ጎንደር የገባን ቀን ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር። በመንገድ ላይ የአምባ ጊዮርጊስ ገብስ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ልጆች በመስኮት እሸት ባቄላ ያቀብሉናል። መኪና ሻጩ ሙሉነህ ይባላል። ግቢው ከቀሐ ወንዝ አለፍ ብሎ ነበር። አርባ ዓመት የሆነው፣ ወፈር ያለ፣ ነጭ ነጠላ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጣል የሚያደርግ፣ ንግግሩ ለስለስ ያለ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ አራት መኪና ቆሟል። አንዱ ሰማያዊ ፒካፕ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ሦስቱን አላየሁም። ሰማያዊውን ግን ዞርኩት፤ ጎማውን ነካሁት፤ መስተዋቱ ላይ አቧራ አይቼ በእጅጌዬ ጠረግሁለት። እናቴ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «ምነው ልጄ፣ ሙሽራ አደረግኸው እኮ። ዐይንህን መሬት ላይ አድርግ» አለችኝ። ጊዜው ግን አልፏል። ሙሉነህ አይቶኛል፤ ሲያየኝም ፈገግ ብሏል።

«ሰባ አምስት ሺህ» አለ።

«ስልሳ» አለች እናቴ፣ መኪናውን ሳታይ፣ የቀሐን ዛፎች እያየች።

«እትዬ ዘነቡ፣ ይህ መኪና እኮ ሞተሩ ገና አልተፈታም። ልጅዎ እንኳ ወዶታል።»

«ልጄ ያላገባ ነው፤ ሁሉንም ይወዳል።»

ሻይ አስመጣ። ሁለት ብርጭቆ ጠጣን። እሱ ሰባ ሁለት ላይ ቆመ፤ እሷ ስልሳ አራት ላይ ቆመች። ከዚያ ወዲህ እሱም እየማለ፣ እሷም እየማለች አንድ ብር የሚነቃነቅ ጠፋ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ወደ በሩ ስትራመድ መኪናውን ዞር ብዬ እያየሁ ተከተልኳት። የሠራሁት ኃጢአት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ታወሰኝ፤ መኪናውን የምናጣው በእኔ ፊት ምክንያት መሰለኝ።

በሩ ላይ ደርሳ ዞረች። «ሙሉነህ» አለችው፣ «ጠንካራ ነው ትላለህ። እኔ የምፈልገው ለሊማሊሞ ነው። ና አብረን እንውረድ። ስድስት ኩንታል እጭንበታለሁ፣ ልጄ ይነዳል። ሳይቆም ጫፍ ከወጣ ሰባ ሁለትህን እዚያው እቆጥርልሃለሁ። ከቆመ ስልሳ አራቴን ተቀብለህ ትሄዳለህ።»

ሙሉነህ ሻርፑን ከአንገቱ አውልቆ እንደገና ጣለው። እኔን አየኝ፤ መኪናውን አየ። «ይሁን» አለ።

በማግስቱ ራሱ እየነዳ ዛሪማ አወረደን። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ስድስት ኩንታል ማሽላ ተጫነ። የሰፈሩ ሰው ግማሹ ወጥቶ ቆሟል። እናቴ ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠች። ሙሉነህ እሷ አጠገብ ሊገባ ሲል፣ «አንተ ከላይ ሁን፤ ገበያተኛ ከጭነቱ ላይ ነው የሚሳፈረው» አለችው። ሳይከራከር ወጥቶ ማሽላው ላይ ተቀመጠ፣ ሻርፑን በራሱ ላይ ጠምጥሞ።

ዛሬ ሊማሊሞን በአዲሱ መንገድ የሚያልፍ ሰው ያኔ እንዴት እንደነበረ ሊያውቅ አይችልም። መንገዱ ጠጠር ነው፤ አንዱ ጥምዝ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። በአንድ በኩል ተራራው ትከሻህን ሊነካህ ይደርሳል፤ በሌላው በኩል መሬት የለም፣ ደመና ብቻ። ከቆላው ሙቀት ተነሥተህ ሽቅብ ስትወጣ አየሩ በየጥምዙ ይቀዘቅዛል፤ የጥድና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ይመጣል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሣር እየነጩ ቀና ይሉና ያዩሃል።

መኪናው ዘፈነልኝ። ሌላ ቃል የለኝም። መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያዎቹን ጥምዞች እንደተማርኩት፣ ዳገቱ ሲከብድ አንደኛ ማርሽ እያስገባሁ ወጣሁ። ግማሽ ላይ ግን ከፊታችን አንድ ትልቅ የጭነት መኪና እያቃሰተ ሲሄድ አገኘሁ። ሹፌሩን አወቅሁት። ያ ዘጠኝ ቀን ያስጠበቀን ሰው ነበር።

ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ አለፍኩት። ጡሩምባ ነፋሁለት፤ እጄንም በመስኮት አወጣሁ። ካለፍኩት በኋላ ማርሽ መቀነስ ነበረብኝ። ሞተሩ ድምፁ ከብዶ እየለመነኝ ነበር፤ እየሰማሁት። ማርሽ ብቀንስ ፍጥነቴ ይቀንሳል፣ ያ ሰውዬ ደግሞ በመስተዋት ከኋላዬ ይታየኛል። ሦስት ጥምዝ እንዲሁ በሁለተኛ ወጣሁ። አራተኛው ላይ ከኮፈኑ ስር ነጭ እንፋሎት ቡልቅ አለ።

አቆምኩት። ምን ማድረግ እችላለሁ? ከጎማው ኋላ ድንጋይ አደረግን። ሙሉነህ ከማሽላው ላይ ወርዶ መጣ፤ ፊቱ አቧራ ብቻ ነው። እናቴ ከጋቢናው ወርዳ ቀሚሷን አራገፈች። ያ የጭነት መኪናም እያቃሰተ ደርሶ፣ በተራው ጡሩምባውን ነፍቶብን አለፈ።

«ቆመ» አለች እናቴ።

«መኪናው አልቆመም፤ ልጅዎ ነው ያቆመው» አለ ሙሉነህ።

«ፈልቶ ነው ያቆመው።»

«ማንም አዲስ ሹፌር ማንኛውንም መኪና ያፈላዋል፣ እትዬ።»

«አየህ? ሁለት ቀን ሞተሩ አልተፈታም ስትለኝ ከርመህ አሁን ሹፌሩን ትከስሳለህ?»

ድምፃቸው ከገደሉ ማዶ እየተመለሰ ነበር። በዚህ መሐል ከላይ አንድ ሽማግሌ ጨው የጫነች አህያ እየነዱ ቁልቁል ብቅ አሉ። ከደባርቅ ገበያ የሚመለሱ ናቸው። እናቴ መንገዱ መሐል ገብታ፣ «አያ፣ በሕግ አምላክ፣ ይቁሙና ይፍረዱን» አለች። በእኛ አገር እንዲህ የተባለ መንገደኛ ጥሎ አይሄድም። ሽማግሌው አህያቸውን ወደ ተራራው አስጠጉ፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ በትራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ «በሉ፣ በየተራ» አሉ።

እናቴ ተናገረች። ሙሉነህ ተናገረ። ሁለቱም ሸጋ አድርገው ተናገሩ። ሽማግሌው አንድም ጊዜ አላቋረጧቸውም። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«መኪና አላውቅም፤ በቅሎ ብትሆን ሳልጠይቅ በፈረድኩ» አሉ። «የነዳኸው አንተ ነህ። ለምን ፈላ?»

ሙሉነህ ከላይ ነበር፤ ማርሹን አላየም። እናቴ ከጎኔ ነበረች፤ መኪና ነድታ አታውቅም። የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስምንት ሺህ ብር ማለት ያን ጊዜ ለእናቴ ስንት የገበያ ቀን እንደሆነ አውቃለሁ። ደግሞም አፌ እንዳይከፈት የሚያደርግ ሌላ ነገር ነበር፦ ሹፌር ነኝ ብዬ አገር ሰብስቤ፣ በመጀመሪያው ቀን መኪና አፈላሁ ማለት። እናቴን አየኋት። ገደሉን እያየች ነበር። ማንም አላጣደፈኝም። ሽማግሌው በበትራቸው አፈር ይጭሩ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ማርሽ መቀነስ ነበረብኝ። ያንን መኪና ላለማስቀደም ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና ፈረዱ። «እንግዲህ መኪናው ገና አልተፈተነም። ውኃ ይጠጣ፣ ይረፍ። ልጁ እንደሚገባው ይንዳው። ጫፍ ከደረሰ ሴትዮዋ ትክፈል፤ ከመሐል ከቀረ ሰውዬው ይቀንስ። እኔ ከዚሁ ሆኜ አያለሁ፤ ጫፉ ይታያል።»

ከዚያ በኋላ የነዳሁትን ዓይነት ዳግመኛ ነድቼ አላውቅም። አንደኛ ማርሽ፣ ቀስ፣ ቀስ። በየጥምዙ ሁለት ጸሎት እጸልያለሁ፤ አንዱ እንዲወጣ፣ አንዱ እንዳይወጣ። ቢወጣ እናቴ ትከፍላለች፤ ባይወጣ የተናገርኩት ውሸት ይመስላል፣ መኪናውም እንደፈራነው ደካማ ይሆናል። ሞተሩ ግን ስለ እኛ ጭንቀት ምንም የሚያውቀው ነገር የለም፤ በደንብ እንዳረፈ በሬ ይጎትታል። የመጨረሻው ጥምዝ ላይ ፀሐይ ፊት ለፊት መታችን፤ የደጋው ሜዳ ተዘረጋ። ሳላስበው ሣቅሁ። ቁልቁል አየሁ፤ ከታች፣ ከሩቅ፣ ሽማግሌው ተነሥተው በትራቸውን ወደ ላይ ከፍ አደረጉ።

እናቴ እዚያው መንገድ ዳር ገንዘቡን ለሙሉነህ ቆጠረችለት። እሱ ደባርቅ ላይ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከመሄዱ በፊት ወደ እኔ መጥቶ፣ «ቁልቁለቱንም እንደ ዳገቱ በዝቅተኛ ማርሽ ውረድ። ፍሬን ላይ አትተኛ» ብሎ መከረኝ። ከዋጋው ላይ ምንም አልመለሰም፤ እንዲመልስም አልጠበቅንም።

ምሳ ደባርቅ በላን። ትኩስ የገብስ ዳቦ በድልህና የበግ ቅቅል ነበር፤ እንደዚያ የጣፈጠኝን ምግብ አላስታውስም፣ ግን ከእናቴ ዐይን እየሸሸሁ ነበር የበላሁት። እናቴ አጥንቱን ግጣ ጨረሰችና፣ «ሁለተኛ ላይ እንደነበርክ አውቄ ነበር» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሃያ ዓመት ሹፌር አጠገብ ተቀምጬ ሊማሊሞን ወጥቻለሁ። ጆሮ የለኝም?»

«ታዲያ እያወቅሽ ምነው ተከራከርሽ?»

«ነጋዴ ነኛ። የእኔ ሥራ መከራከር ነው።» እጇን ታጠበች፤ ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ዝም ብትል ኖሮ ስምንት ሺህ ብር ይተርፈኝ ነበር። መኪናውን የሚነዳልኝ ግን ሌላ ሰው እፈልግ ነበር።»

ያ ሰማያዊ መኪና አሥራ አንድ ዓመት አገለገለን። እህቶቼን ድረንበታል፤ የስንቱን ሰው እህል፣ የስንቱን በሽተኛ ደባርቅ አድርሷል። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ብልጠቷን ብዙ ሰው ያወራል። እኔ ግን በብዛት የማስባት እዚያች ጥምዝ ላይ፣ ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ ነው። ያን ጊዜ ገንዘቧ አሳስቧት መስሎኝ ነበር። እየጠበቀችኝ እንደነበረ የገባኝ እኔም ልጅ አሳድጌ፣ ለሽምግልና ተቀምጬ የሰው ፊት ማየት ስጀምር ነው።

አዘዞ ላይ ልጄ ስለ ጎማው፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ሊብሬው ጠይቃ ጨርሳ ነበር። በመጨረሻ ሻጩን ወጣት፣ «አደጋ ደርሶበት ያውቃል?» አለችው። ልጁ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሕይወት ወደ ሌላ ጥያቄ ልታልፍ ስትል በቀስታ ክንዷን ነካሁ። ገረማት፤ ጥያቄዋን ግን ያዘችው። እኔም ወጣቱን እንዳላፈጥበት ዐይኔን ወደ አዘዞ መንገድ መለስኩ። ከተማው ይንጫጫል፣ ባጃጆች ይሮጣሉ። ትንሽ ቆየን።

«የግራ በኩል የኋላ በሩ ተቀይሯል» አለ ወጣቱ። «አምና ሰው ገጭቶት ነው። ባለቤቱ አትናገር ብሎኝ ነበር።»

ልጄ መኪናውን ገዛችው። ከዚያ ንግግር በኋላ ብዙም አላስቀነሰችም።