አሳረፍሁት እንጂ አልቆመም

መቼም እኔ ለመጻፍ የምበቃ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርሁት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው፤ ዛሬም አንዳንዱን ፊደል ልጽፈው ስል እጄ ያመነታል። እናንተ የተማራችሁት ብትስቁብኝ አልቀየምም፣ ብቻ ሳትጨርሱ አትተዉት። የምጽፈው ስለ ሀምዱ ነው፣ ስለ ጉድጓዳችን ማራገቢያ ጠባቂ። አብረን ስለሠራን ጥቂቱን በዓይኔ አይቻለሁ፣ የቀረውን ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ። «ጻፈው፤ እኔ ሰው ፊት ልናገረው አልችልም» ያለኝም እሱ ነው። እንግዲህ ድፍረቴን ይቅር በሉኝ።

ሀምዱ ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ተራራ ሥር የተወለደ ገበሬ ነው። ለውጡ በመጣበት ጊዜ፣ ከውጭ የሚገባው የድንጋይ ከሰል ቀርቶ የአገራችን ይውጣ ሲባል፣ ከመንደራቸው ራስጌ ጉድጓድ ተከፈተ። ጉድጓዱ መጀመሪያ እንደ ቤት በር ቀጥ ብሎ ወደ ተራራው ይገባል፣ ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ እታች ሲደረስ ሰው የራሱን ትንፋሽ መልሶ የሚተነፍስ ይመስለዋል። አየር የሚልክለት አፉ ላይ የተተከለ ትልቅ ማራገቢያ ነው። በወፍራም የሸራ ቱቦ እየነፋ እታች ያደርሰዋል። ያንን ማራገቢያ የሚያስነሳ፣ ቅባት የሚያጠጣ፣ ሲያመሽም የሚያጠፋ ሀምዱ ሆነ። ሥራው ለጠባዩ ተስማማው። ሞተር መልስ አይጠይቅም። ሚስቱ ኡሙሰልማ፣ «ካንተ አፍ ቃል ከማወጣ ጥርስ ብነቅል ይቀለኛል» ትለዋለች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2014 በጥቅምት ከባድ መሣሪያው ሲያጓራ መንደሩ በሙሉ ልጁንም ሽማግሌውንም ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። መብራት ተቆርጧል፣ ማራገቢያው አይሠራም። ሰዉ ሲበዛ አየሩ ወፈረ። ሀምዱ ሽፋኑን ፈቶ የማራገቢያውን ክንፍ በእጁ ያዞር ጀመር። ይዞራል፣ ግን ነፋሱ ከቱቦው አፍ አያልፍም። የኡሙሰልማ እናት ዑምኩልሱም ድሮም ደረቷን ያማታል። ጥይት ሳይነካት፣ ሴት ልጇ እቅፍ ውስጥ፣ ትንፋሽ አጥሯት ሞተች። ሀምዱ በዚያን ጊዜ ክንፉን እያዞረ ነበር። ማንም አልወቀሰውም። እሱ ግን አማቱ ያጣችውን አየር ማድረስ የሱ ድርሻ እንደነበረ ይሰማዋል።

ጦርነቱ አልፎ ጉድጓዱ እንደገና ሲከፈት ሰው ዝም ብሎ መግባት ፈራ። ያን ጊዜ ከሰል ከድንጋይ የሚለዩልን ሽማግሌው ሸህ አብዱልሃሚድ፣ «ዱዓ ሳይደረግ ማንም አይግባ» አሉ። ይኸው ልማድ ሆነ። ጠዋት ሲገባ፣ ለምሳና ለሶላት ሲወጣ፣ ተመልሶ ሲገባ፣ ማታ ሲወጣ አፉ ላይ ዱዓ ይደረጋል። የወሎ ዱዓ ደግሞ አጭር አይደለም። ለዝናቡ፣ ለሰላሙ፣ ለታመመው፣ ለመንገደኛው፣ ለሞተችው ዑምኩልሱም። ክርስቲያኑም እስላሙም እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። ማራገቢያው ግን እየጮኸ የሸሁን ድምፅ ይውጠዋል። አንድ ቀን ሸህየው ዞር ብለው፣ «ሀምዱ ልጄ፣ እስቲ አሳርፈው» አሉት። እጀታውን ዝቅ አደረገ፤ ጸጥ አለ፤ የአማቱ ስም ጥርት ብሎ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ሸህየው ቀና ባሉ ቁጥር ሀምዱ ያሳርፋል። ቃሉም በዚያው ቀረ። ሞተሩ በራሱ ሲበላሽ «ቆመ» ነው የሚባለው፣ ሀምዱ ለዱዓ ሲያጠፋው ግን «አረፈ» ነው።

በኋላ አዲስ ማራገቢያ ተተከለ። አሮጌው ጉድጓዱ ውስጥ፣ መሀል መንገድ ላይ ገብቶ ረዳት ሆነ፤ የደከመውን አየር ተቀብሎ ወደ ታች ይገፋል። አዲሱን በእርዳታ የሰጡን ሰዎች መብራት መቆጠቡ እውነት ይሁን ውሸት ይረጋገጥልን ስላሉ እንጂነር ሰሚሃ የምትባል ልጅ ከኮምቦልቻ መጣች። ማደሪያዋ ሐይቅ ነው፤ ጠዋት ከዚያ ተነሥታ እኛ ዘንድ ስትደርስ ረፍዶ ሰዉ ሁሉ ገብቷል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ለምሳ ሳንወጣም ትመለሳለች። አንድ ቀን እንኳን አርፎ አላየችውም።

ልጅቱ ኩራት የላትም። ሀምዱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አስረዳችው።

«አያ ሀምዱ፣ የተቆጠበ መብራት አይታይም። ያልተበላ ነገር በምን ይለካል? ያለን መንገድ ድሮ የበላውን አሁን ከሚበላው ማስተያየት ነው። ከጦርነቱ በፊት የተለካው ተቀምጧል። አሁን ደግሞ ይኸ ቆጣሪ ድምሩን ይነግረኛል። ስንት ሰዓት እንደሠራ ግን አይነግረኝም፣ እሱን ከአንተ ነው የምሰማው። በመሀል ይቆማል?»

ሀምዱ ጥያቄው ደስ አለው። ስለ ሞተሩ ጤና ሲጠየቅ ስለ ልጁ እንደተጠየቀ ነው።

«ወላሂ ቆሞ አያውቅም» አላት።

«ጠዋት ከተነሣ እስከ ማታ?»

«አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም።»

እውነቱን ነው፣ በሱ አፍ እውነት ነው። እሷም በእሷ ጆሮ ሰማችና ሄደች።

ሥራዋን ስትጨርስ የጉድጓዱ ኃላፊ አስረስ ሁላችንንም አፉ ላይ ሰበሰበን። አስረስ መናገር ይወዳል፣ የዚያን ዕለት ደግሞ የሚናገረው አግኝቷል። አዲሱ ማራገቢያ አሮጌው ይበላ ከነበረው ሲሶውን አስቀርቷል አለ። ቀጠለና፣

«ቀኑን ሙሉ ሳይቆም እየነፋ ይህን ያህል ትንሽ ከበላ፣ ሸክሙ ገና ቀላል ነው ማለት ነው። ጉልበት አለው። ስለዚህ ረዳቱ ነገ ተጭኖ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፤ የታችኛውንም ክፍል በዚሁ በአንዱ እንከፍታለን። ይህን ላደረገልን፣ አንድ ቀን እንኳን ላላቆመው ለሀምዱ እስቲ አጨብጭቡለት» አለ።

ተጨበጨበ። ሀምዱ ያን ጊዜ ነው የገባው። ቆመና አረፈ፣ ለሞተር ልዩነት የላቸውም። ሞተሩ በሠራበት ሰዓት ሸክሙ ከባድ ነው፤ ቀላል የመሰለው የዱዓው ዕረፍት እንደ ሥራ ሰዓት ስለተቆጠረ ነው። አፉን ከፈተ። ከሁሉ አብልጦ የሚያጨበጭበው ግን የኡሙሰልማ ወንድም ኑርዬ ነበር፣ የታችኛውን ክፍል ከሚከፍቱት አንዱ። ሸህየውም ከጎን ሆነው ፈገግ ብለው ያዩታል። ምን ሊል ነው? ዱዓችሁ ነው ሊላቸው? ወላሂ ብዬ የማልሁት ሐሰት ነው ሊል? አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ። ጭብጨባውን ተቀበለ።

«አይ ሀምዱ» አለ ዝናቡ፣ ድጋፍ እንጨት የሚያቆመው፣ «መብራት ኃይል ይከስሃል፣ ገቢውን አስቀረህበት።»

ሰዉ ሳቀ። ሀምዱም ሳቀ። ያ ሳቅ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠው።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ኑርዬ እራት ሊበላ እህቱ ቤት መጣ። ኑርዬ ተረበኛ ነው።

«ኡሙሰልማ፣ ባልሽ ትልቅ ሰው ሆነ። እንግዲህ ወጡንም በልኩ ጨልፊለት፣ ቆጣቢ ነው።»

«ለሚስቱም ቃል ሲቆጥብ ነው የኖረ» አለች።

ተሳሳቁ። ኑርዬ እየበላ ግንባሩን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «ከምሳ መልስ ስንገባ ራሴን ይወቅረኛል፣ ምን እንደሆነ እንጃ» አለ። እንዲሁ እንደዋዛ ነው የተናገረው። ከምሳ መልስ ማለት ማራገቢያው አርፎ የቆየበት ሰዓት ነው፤ ሀምዱ የያዘው ጉርሻ ከአፉ ሳይደርስ ቀረ።

ኑርዬ ሲሄድ ኡሙሰልማ ገበታውን ሳታነሣ ተቀመጠች። «ምን ሆንህ?»

«ምንም።»

«ጥርስ ልንቀል?»

ነገራት። እየቆራረጠ፣ መሬት መሬት እያየ። እስኪጨርስ ሰማችው። በኋላ እንዲህ አለችው፦

«ዱዓው ውስጥ እናቴ አለች።»

«እሱ ነው ያፈርሁት።»

«እናቴ ምን አጥሯት እንደሞተች ታውቃለህ። ስሟ እንዲሰማ ብለህ ኑርዬን ያንኑ ልታሳጣው ነው?»

«ሰዉ ምን ይለኛል?»

«የሚልህን ይልሃል። ስታፍር የኖርህ ሰው ነህ፣ አንድ ቀን ቢጨመርብህ አትሞትም። እሱ ግን ይሞታል» ብላ ገበታውን አነሣች።

በማግስቱ ሀምዱ ሱብሒ ሰግዶ ወደ ሥራው አልሄደም። ውጫሌ ወረደና የመጀመሪያዋን ሚኒባስ ይዞ ሐይቅ ገባ። እንጂነሯ ልትሄድ ሻንጣዋ በር ላይ ወጥቷል፤ እሷ ከማደሪያዋ ደጅ ተቀምጣ ፉት የምትለው ሻይ ይዛለች። ሀምዱ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። ስታየው ተነሣች።

«አያ ሀምዱ? በደኅና ነው?»

«እንጂነር… አርፏል» አላት።

ሻዩን አስቀመጠች። ፊቷ ተለወጠ። «ኢና ሊላሂ። ማን ነው ያረፈው?»

«ማራገቢያው።»

«ተቃጠለ?»

«አልተቃጠለም። አልቆመም። አሳርፈዋለሁ» አለ፤ እጁን እንደ እጀታ ወደ ታች አድርጎ አሳያት። «ዱዓ ሲደረግ። ጠዋት፣ ለምሳ ሲወጡ፣ ሲመለሱ፣ ማታ። አንቺ ይቆማል ወይ ስትይኝ ይበላሻል ወይ ያልሽኝ መስሎኝ ነው። ትናንት ገባኝ። ገብቶኝም ዝም አልሁ።»

ሰሚሃ ደብተሯን ከሻንጣዋ አወጣች። ከዚያ፣ «የዓርቡ ጁምዓስ?» አለችው።

«ጁምዓ ደግሞ ረጅም ነው።»

«ከጦርነቱ በፊት ይህ ዱዓ ነበር?»

«አልነበረም። የመጣው ከአማቴ ሞት በኋላ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ የሁለቱ ዘመን የሥራ ሰዓት እኩል አይደለም» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። «እኔም ስንት ሰዓት ይጠፋል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።» ስልኳን አውጥታ ለአስረስ ደወለች፣ ረዳቱ ማራገቢያ እንዳይጫን፣ ታችኛው ክፍልም እንዳይከፈት፣ ልኬቱ እንደገና ይሠራል ብላ ነገረችው። የአስረስ ድምፅ ከስልኩ ውጭ ድረስ ይሰማል። ሀምዱን ስጪኝ አለ።

«ትናንት ሲጨበጨብልህ ምላስህ የት ነበር?»

«አፍሬ ነው፣ ጋሼ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም አፍሬያለሁ።»

አስረስ ስልኩን ዘጋው።

ሰሚሃ በመኪናዋ ይዛው ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው። «ዱዓውን ማንም አይከለክላችሁም፣ አያ ሀምዱ። ከማራገቢያው ራቅ ብላችሁ አድርጉት።» ሀምዱ በዚህ ደግሞ አፈረ። ይህን ያህል ጊዜ ራቅ ማለትን አንዳችንም አላሰብነውም።

እኛ አፉ ላይ ተቀምጠን ነበር። ያለ ሀምዱ ማራገቢያውን የሚያስነሳ የለም፣ ያለ ማራገቢያው ደግሞ ማንም አይገባም። ከእንጂነሯ መኪና ሲወርድ ሲያየው ኑርዬ፣ «ተመልከቱ፣ ታክሲም ቆጠበ» አለ። ሀምዱ አልሳቀም። ቀጥ ብሎ ሄዶ እጀታውን ወደ ላይ ገፋ፤ ማራገቢያው ጮኸ። ሸህ አብዱልሃሚድ እጃቸውን ዘርግተው ያሳርፋል ብለው ጠበቁ። አላሳረፈም። ወደሳቸው ሄዶ፣ ድምፁ እንዲሰማ ጆሯቸው ድረስ ጎንበስ ብሎ፣

«ሸህየ፣ እታች ከግራሩ ሥር እንውረድ። ይኸ ከእንግዲህ አያርፍም» አላቸው።

ሸህየው አዩት። ዘንጋቸውን አነሡና ወረዱ፤ እኛም ተከተልን። ከግራሩ ሥር፣ ዱዓው ሳይጀመር፣ ሀምዱ መሀላችን ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። ፊቱ እንደ ፍም ቀልቶ፣ ዓይኑን ከኑርዬ እግር ሳያነሣ። ሲጨርስ ኑርዬ ቀልድ ፈልጎ አጣ። ግንባሩን ዳበስ አደረገና፣ «እንዲያ ነው እንዴ» ብቻ አለ።

ሸህየው ዱዓውን ከዑምኩልሱም ስም ጀመሩ። አሚን ስንል ሀምዱ መሀላችን አልነበረም። ዳገቱን ብቻውን ወጥቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ማራገቢያው አጠገብ ቆሟል።