ከጃምዓ ነን ያሉን ቀን

ልጄ የተማሪ መታወቂያዋን የምታንጠለጥልበት ሰማያዊ ገመድ በር ላይ ተሰቅሎ ባየሁ ቁጥር እጄ ወደ አንገቴ ይሄዳል። ትስቅብኛለች። «እማ፣ ደግሞ ጀመረሽ» ትለኛለች። ምን ታድርግ፣ እሷ የምታውቀው ጃምዓ ሌላ፣ እኔ የፈራሁት ጃምዓ ሌላ። ልንገርሽ እስቲ።

ያኔ ከአገራችን ድንበር ተሻግረን ባሱንዳ አካባቢ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነበርን፤ አባቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ። ወንድሜን ከክረምት ጀምሮ ትኩሳት አልለቅ ብሎት፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ እግሩ ቀጥኖ ዳሱ ውስጥ ተኝቷል። የላቡና የደረቀው ሰሊጥ ሽታ ተቀላቅሎ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አባቴ ጠበል እየረጨ «ይሻለዋል» ይለኝና ፊቱን አዙሮ ያለቅስ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነጭ መኪና አቧራውን እያቦነነ ወደ ሠራተኞቹ ካምቦ መጣ። «ከሻ!» አለ አንዱ። ከሻ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን እያፈሰ የሚወስድበት ነው፤ ቃሉን የሰማ ማጭዱን ጥሎ ይሮጣል። ሰዉ ሁሉ ሰሊጡ ውስጥ ገባ። ወንድሜ መሮጥ አይችል፣ እኛስ እሱን ጥለን የት እንሄዳለን? ዳሱ ውስጥ ተቃቅፈን ቀረን። በተነፈስኩ ቁጥር ሥሬ ያለው ገለባ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል።

የወረዱት ግን ፖሊሶች አልነበሩም፤ መነጽር ያደረገ ወጣት ሐኪምና ሾፌሩ ነበሩ። ሐኪሙ የወንድሜን ሆድ ዳሰሰና በዐረብኛ ከጃምዓ እንደመጡ፣ ይዘውት ሊሄዱ እንደሚፈልጉ ተናገረ። የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። አባቴ የሚያውቃት ዐረብኛ ጥቂት ናት፤ ከጥቂቷ ውስጥ ጃምዕ አለችበት፣ መስጊድ ማለት ናት። ጃምዓ ዩኒቨርሲቲ ነው ብሎ ማን ነግሮት?

«መስጊድ ሊያስገቡት ነው። ማተቡን ሊበጥሱበት ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከእስላሞቹ ጋር አብረን ሠርተን አብረን ስንውል ክፉ አይተን አናውቅም፤ ፍርሃት ግን ይህን መች ያስባል።

ሐኪሙ «ሐይሙት» አለ፣ እዚህ ከቀረ ይሞታል ማለቱ ነው። ይህቺ ለአባቴ ያለ አስተርጓሚ ገባችው። ወንድሜን አየ፣ መኪናውን አየ። እሱ ራሱ ወረቀት የለው፣ ከተማ ቢገባ መያዙ ነው። እኔን ግን ልጅ ናት ብሎ ማንም አይጠይቀኝም።

«አንቺ አብረሽው ሂጂ። ማተቡን ጨብጪ፤ ማንም ቢመጣ እንዳትለቂ።»

እስከ ገዳሪፍ ጨብጬ ሄድኩ። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ክሩ አንገቱን እንዳይቆርጠው እሰጋለሁ። ከተማው ዳር ስንደርስ ከሩቅ ረጅም ነገር አየሁና የመስጊድ ሚናራ መስሎኝ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። የውሃ ታንከር ነበር። ጃምዓው ያኔ ጥቁር አፈር ላይ የተተከሉ ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶችና አንድ የኒም ዛፍ ነበር፤ በቃ።

ሐኪሙ መርፌ ይዞ ወደ ወንድሜ አንገት እጁን ሲሰድ፣ እጁን ያዝኩት። ቆመ። ክሩን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ማተቡን በአንድ ጣቱ ቀስ ብሎ ከፍ አደረገና መዳፌ ላይ አኑሮ «አምስኪ» አለኝ፤ ያዢው ማለቱ ነው። ከአንገቱ እጢ በመርፌ እስኪቀዳ ድረስ ያዝኩት።

በሽታው ካላዛር ነበር። መድኃኒቱን ጀመሩለት፣ ግን ረፍዶበት ነበር። ከኒሙ ጎን ባለችው ክፍል አረፈ። ከተማው ውስጥ ያሉ የአገራችን ሰዎች ተጠርተው መጥተው ቀበሩት።

ካምቦ ስመለስ አባቴ መንገዱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ብቻዬን ስወርድ አየኝ። ስለ ሞቱ አልጠየቀኝም።

«ማተቡስ?» አለኝ።

«አንገቱ ላይ ነው።»

ያኔ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

እኔ ኋላ እዚያው ጃምዓ ጽዳት ተቀጥሬ አረጀሁበት። ዓይኔ እያየ ቆርቆሮው ፈርሶ ፎቅ ሆነ፤ ማሳ የነበረው ሁሉ የትምህርት ክፍል፣ የተማሪ መኝታ፣ የሙከራ እርሻ ሆነ። ስለ ካላዛር የሚመራመሩበት የራሱ ሕንጻ ወጣለት። አንዳንዴ ኮሪደሩ አላልቅ ሲለኝ፣ ይህ ሁሉ ትንሽ ቀድሞ ቢመጣ ምን ነበረበት እላለሁ። ኒሙን ግን አልቆረጡትም። ልጄ እዚያ ላቦራቶሪ ትማራለች። እዚህ አገር ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ክፍሎቹ ተፈናቃይ ሲያስጠልሉ ከርመው ነው ትምህርቱ የተጀመረው፤ ሰማይ ላይ የሚበር ነገር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ያ ገለባ ሥሬ ይንኮሻኮሻል።

ዛሬ ጠዋት ገመዱን አንገቷ ላይ አጠለቅኩላት። ከሥሩ ማተቧ አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ጨብጬ ቆምኩ።

«እማ፣ ልቀቂኝ እንጂ፣ ረፈደብኝ» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት። እጄ ግን ቶሎ አልታዘዘኝም።