ሬሳ የሌለበት ድንኳን

በጠዋት ከቡታጅራ የተነሳሁት ታናሽ እህቴን ኑሪያን ከመርካቶ ነቅዬ ላመጣት ነው። ሰሞኑን ኮሌራ ይዟት ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። ከሐኪም ቤት ወጥታ ደግሞ እዚያው በሽታው የያዛት ግቢ ገባች! በስልክ ለመንኳት፤ እምቢ አለች። እንግዲያው እጇን ይዤ አመጣታለሁ ብዬ ተሳፈርኩ።

አውቶቡስ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም፤ በሽታው ብቻ። አለም ገና ላይ ጎኔ የተቀመጡት እናት የታሸገ ውሃ ጠይቀው፣ ዋጋው በእጥፍ መጨመሩን ሲሰሙ መልሰው ሰጡ። ከአየር ጤና በሚኒባስ ሲኒማ ራስ ወረድኩ።

ከተክለ ሃይማኖት ጀርባ

መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የሰፈሩ ቱቦ ከተደፈነ ቆይቷል፤ ፍሳሹ የቦኖ ውሃውን ቧንቧ አጥለቅልቆታል። ይህን የአካባቢ ብክለት ሕጉ ይከለክላል። ሕጉን የሚያስከብረው ጽሕፈት ቤትም ከቱቦው ማዶ ነው፤ ሰዉ ሲያመለክት ግን «በሂደት ላይ ነው» ይባላል።

ኑሪያ ከስታ ቀሚሷ ሰፍቷታል። አንጀቴን በላችው። «ተነሺ፣ እንሂድ» አልኳት።

«ወላሂ አልሄድም፣ ጋሼ። እኔ ብድን ጎረቤቶቼስ? ሕጉ እኮ የተጎዳው ብቻ ሳይሆን ማንም ሰው መክሰስ ይችላል ይላል። ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን ጽሕፈት ቤቱን ከሰናል።»

«ሕግ ውሃ አያጣራም!» ብዬ ጮህኩባት።

ጡሩምባው

በማግስቱ የዕድር ጡሩምባ ተነፋ። ክው አልኩ። ሮጬ ስወጣ ኑሪያ በር ላይ ቆማለች፤ አልሐምዱሊላህ! የዕድሩ ዳኛ ጋሼ ወርቁ፣ ጎጃሜው ሽማግሌ፣ የሐዘን ድንኳኑን የሚያስተክሉት ቱቦው አፍ ላይ፣ ከጽሕፈት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ወንበሩን ይዞ መጥቶ ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከመኪናው ወረደ። የሐዘን ድንኳን አይቶ ማን ያልፋል? ኮፍያውን አውልቆ ገባና «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ወደ ጋሼ ወርቁ ጠጋ አለ።

«ማን ነው ያረፈው?»

«ገና ነው፣ ልጄ» አሉት። «ቀጣዩ ማን ይሆን ብለን ነው የተቀመጥነው።»

ላብ አጠመቀው። ስለ በጀት ሊያወራ ሲጀምር ኑሪያ ብድግ አለች።

«ይሄ ድንኳን ለእኔ ሊተከል ነበር» አለችው። «ቱቦው እስኪከፈት አይነሳም። ቱቦው ቢከፈትም ክሱ አይነሳም፤ እስከዛሬ ለምን ዝም እንዳላችሁ ፍርድ ቤት ትናገራላችሁ።»

ከሰዓት በኋላ ቆፋሪዎች መጡ።

መልስ

ብቻዬን ተመለስኩ። ፈርቼላታለሁ፤ ቧንቧው እስኪጸዳ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ማን ያውቃል? ግን ና ውሰደኝ ብትለኝም አሁን የምወስዳት አይመስለኝም። ሕግ ውሃ እንደሚያጣራ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሚቀመጥለት ሰው ካገኘ።

ቡታጅራ ስገባ፣ ሁልጊዜ አፍንጫዬን ይዤ የማልፈው የሰፈራችን ቦይ ጋ ቆምኩ። ከዚያም ቤቴ ሳልገባ የዕድራችንን ዳኛ በር አንኳኳሁ።

«ድንኳኑን ፈልጌ ነው» አልኳቸው።

ደነገጡ። «ማን ሞተብህ፣ ከድር?»

«ማንም» አልኳቸው። «ሰው ሳይሞት ነው የምፈልገው።»