የሰይድ አራት ጥማድ

ከምሽጋችን ፊት ለፊት የነበረው ኮረብታ በካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ክረምቱን ሙሉ ያየነው እሱን ነው። ጠላት ከላይ፣ እኛ ከታች። በመካከላችን ማንም የማይረግጠው ተዳፋት ነበር። እናንተ ኋላ የተወለዳችሁ፣ ጦር ሜዳ ሁልጊዜ ተኩስ ይመስላችሁ ይሆናል። አብዛኛው ማየትና መጠበቅ ነው።

የጋንታ መሪያችን ደጎሎ ላይ ታሪክ ያስተምር የነበረ ሰው ነው፤ ቲቸር እንለዋለን። ከሰዓት በኋላ ተኩሱ ጋብ ሲል በመጽሐፍ ያነበበውን የአንድ የጥንት ሮማዊ ጄኔራል ሕይወት ይተርክልን ነበር። ስሙን ለመያዝ ስለከበደን «ሮማው» አልነው። ሮማው ከገጠር የወጣ፣ ከትልቅ ቤት ያልተወለደ ሰው ነው። መሬት የሌላቸውን ድሆች ለውትድርና መለመለ። ስንቃቸውንም መሣሪያቸውንም በገዛ ጀርባቸው ስላሸከማቸው ሰው «የጄኔራሉ በቅሎዎች» እያለ ቀለደባቸው። እኔ የጥይት ሳጥን ተሸካሚ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቅሎ የሚለው ስም እኔ ላይ ቀረ።

ከሁሉ አብልጦ የሚያዳምጠው የኩታበሩ ሰይድ ነበር። አባቱ መሬት የላቸውም፤ የሰው መሬት በእኩል ያርሳሉ። ሲመለመል አንድ ሹም «ስትመለሱ መሬት ይሰጣችኋል» ብሎታል።

«ቲቸር፣ ሮማው ለወታደሮቹ መሬት ሰጣቸው?»

«ሰጣቸው። ባሕር ማዶ፣ በተዋጉበት አገር።»

«ወላሂ? እንግዲያ እኛም አንቀርም።»

በማግስቱ ሰይድ ፊት ለፊታችን ያለውን ተዳፋት በዓይኑ እየለካ ያከፋፍለን ጀመር።

«ዘነብ፣ ያ ጭንጫው ያንቺ ነው። በቅሎ አታርስም።»

ለራሱ አራት ጥማድ ወሰደ። ሌላው ሁሉ ድንጋይና ቀይ አፈር ሆኖ ያ ብቻ ጥቁር ነበር፤ ከዝናብ በኋላማ አዲስ የታረሰ ይመስላል። «እዩት፣ ለስንዴ የተፈጠረ ነው» ይለን ነበር። አንድ ጓዳችን ለእረፍት ወደ ኩታበር ሲሄድ «ለአባቴ አራት ጥማድ ተመርቶልኛል በልልኝ» አለው። ሁላችንም ሳቅን።

የማጥቃት ትእዛዝ የመጣ ቀን፣ ወደ ማምሻው ላይ፣ እንደ ምንም ደፍሬ ጠየቅሁ።

«ሮማው ኋላ ምን ሆነ?»

ቲቸር ጠመንጃውን እየወለወለ መለሰልኝ። «ሥልጣን ያዘ። ለወታደሮቹ መሬት የሚሰጥ ሕግ ያወጣለትን ወዳጁን ግን ከድቶ ከበበው። ሲያረጅ ጦር ይዞ ወደ ገዛ ከተማው ገባ፤ ያገሩን ሰው አስገደለ። ለሰባተኛ ጊዜ እንደተሾመ ብዙም ሳይቆይ አልጋው ላይ ሞተ።»

«ወታደሮቹስ?» አለ ሰይድ።

«መጽሐፉ የጄኔራሉ ነው» አለ ቲቸር።

ሌሊቱን ሲተኩስ ያደረው መድፋችን ጎህ ሲቀድ ዝም አለ። ወጣን። ጭንጫው ላይ ስንደርስ የጠላት መትረየስ አስተኛን። ጥይቱ ድንጋዩን እየመታ ስንጥሩ ያቆስለን ጀመር።

«በእኔ ማሳ በኩል እንለፍ» አለ ሰይድ። «አፈሩ ለስላሳ ነው፣ ድንጋይ የለውም።»

ቲቸር እሺ አለ። ገበሬዎች ነን፤ ክረምቱን ሙሉ የጠቆረ አፈር አይተን ለም ነው ብለናል። የተቆፈረ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ፈንጂ ተቀብሮበታል።

መጀመሪያ ሰይድ። ከዚያ ሊያነሳው የሮጠው ቲቸር። ከዚያ የተከተሏቸው። እኔ ሳጥኑ ከብዶኝ ኋላ ቀርቼ ነበር። ረፋድ ላይ ኮረብታውን ሌላ ጋንታ ያዘው። ከእኛ ዘጠኝ ሞቱ። ከወራት በኋላ ልቀቁ ተባልንና ኮረብታውን ትተን ወረድን።

ከሠራዊቱ ስሰናበት መካነ ሰላም ተመለስኩ። መሬት ስጠይቅ «ተደልድሎ አልቋል» አሉኝ። አልተከራከርኩም፤ ድሮም ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም።

በአንድ የገበያ ቀን ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ከጭነት መኪና ወርደው ሰው እየጠየቁ መጡ።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ዘነብ አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባባ።»

«የሰይድ አባት ነኝ። አብሽሪ፣ አታልቅሺ። መርዶው ደርሶኛል። የመጣሁት ስለ መሬቱ ነው። አራት ጥማድ ተመርቶልኛል ብሎ በአንድ ጓዳችሁ ልኮብኝ ነበር፤ አንቺንም የጠቆመኝ እሱ ነው። ቀበሌው አናውቅም አለኝ። ወዴት በኩል ነው?»

ቀልድ ነበር ማለት አቃተኝ።

«ሩቅ ነው አባባ። አሁን በማን እጅ እንዳለ አላውቅም።»

«አፈሩስ?»

«ጥቁር ነው።»

«ጥቁር» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «አፈር መለየት ያውቃል። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»