ኪኒኔን ውጬ መጣሁ

ጌታ ይባረክ፣ ወገኖቼ! ዛሬ ልመስክር ብዬ ሽማግሌዎችን የለመንኩት እኔው ነኝ። ሹፌር ስለሆንኩ አላስረዝምም ብያቸዋለሁ፤ ካስረዘምኩ ታገሡኝ።

የድሮ ውፍረቴን ታስታውሳላችሁ። ከወልድያ መርሳ ሚኒባስ ስነዳ ሆዴ መሪውን ይነካ ነበር። ተሳፋሪው «በእጁ ነው በሆዱ የሚነዳው?» እያለ ሲስቅ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ስኳሩና ግፊቱ ሲጠናብኝ ግን ሐኪሙ «ጨጓራህን በቀዶ ጥገና እናሳንሰው፤ አለዚያ ልብህ አይችልም» አለኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ተደረገልኝ፣ በደህና ወጣሁ። ክብር ለስሙ ይሁን!

ውፍረቱ ሄደ። እናንተዬ፣ ደስታዬም አብሮ ሄደ! እኛ አገር የከሳ ሰው ታሟል ነው የሚባለው። መናኸሪያ ስገባ «ምነው፣ ምን አገኘህ?» እያሉ ከንፈር ይመጥጡልኛል። ድግስ ላይ ከሁለት ሦስት ጉርሻ በላይ አልችልም። ግራና የምትኖረው አክስቴ «እጄን ተጸየፍኸው?» ብላ አኮረፈችኝ። ከሰው ሸሸሁ፣ መኪናዬን አቁሜ ተኛሁ። ደፍሬ ልናገረው፣ መሞት አማረኝ።

ባለቤቴ እታገኝ ያኔም እዚህ ታመልክ ነበር፤ እኔ አላመንኩም ነበር። መጀመሪያ ወልድያ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። «ድባቴ ነው። ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ የሚይዘው ሰው አለ፤ ብቻህን አይደለህም» ብሎ ሐኪሙ ኪኒን አስጀመረኝ። ቀጥሎ ወደዚህ አመጣችኝ። እዚያ ኋላ ወንበር ላይ እያለቀስኩ ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌሉያ!

እየተሻለኝ ሄደ፣ ወደ መኪናዬም ተመለስኩ። አሁን ያደረግኩትን ስሙ። እኛ ዘንድ የተፈወሰ ሰው «መድኃኒቴን ጣልኩ» ሲል ነው እልልታው የሚደምቀው። እኔም ምስክርነቴ ሙሉ ይሁን ብዬ ኪኒኑን አቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ ያ ጨለማ ተመለሰ። ሐራ ከተማ ላይ ተሳፋሪ አውርጄ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ጋሽ ሰይድ፣ ሽማግሌያችን፣ ሊጠይቁኝ ቤቴ መጡ። «ጋሼ፣ እምነት የለኝም መሰለኝ፤ አንቱ ጸልዩልኝ» አልኳቸው።

«እጸልያለሁ። ግን እኔ መጽሐፍ ቅዱስ የማነበው በመነጽር ነው፤ ታዲያ አላመንሁም ማለት ነው? ተነሥ፣ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሂድ» አሉኝ።

ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ! ሐኪሙም አልተቆጣኝም። «ሁለተኛ በራስህ አታቁም፤ ጊዜው ሲደርስ አብረን ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን» ብሎ እንደገና አስጀመረኝ።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ደህና ነኝ! እተኛለሁ፣ እሠራለሁ፣ ከአክስቴም ታርቀናል። ዛሬ ጠዋት ኪኒኔን ውጬ፣ እታገኝን ጋቢና አስቀምጬ እየዘመርን መጣን። ሐኪሙንም ኪኒኑንም የሰጠኝ ጌታ ነው፤ አላፍርበትም!

ከመካከላችሁ ኪኒኑን ተደብቆ የሚውጥ፣ ወይም እልልታ ፈልጎ የጣለ ካለ፣ ጌታን ይመነው፤ እኔን በሕይወት አቆይቶኛል። ከጸሎት በኋላ በር ላይ እጠብቀዋለሁ፤ ሐኪም ቤት የምወስደው እኔ ነኝ። እታገኝ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ጋቢናው የእሱ ነው። አሜን በሉልኝ!