የራውል ሸሚዝ

ውሃ የተረጨ ጥጥ በጋለ ካውያ ሲተኮስ የሚሸተው ሽታ ዛሬም ድንገት ሲደርሰኝ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ዳላስ ውስጥ ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር ከነበረው አፓርታማችን በር ላይ እቆማለሁ። በዳላስ በጋ በሩ ሁሉ ተከፍቶ ይውል ስለነበር፣ ሽታው ከጎረቤታችን ከሴኞራ ኤሌና ቤት እየመጣ ቤታችንን ይሞላው ነበር። በአገራቸው ቋንቋ «ሴኞራ»፣ ማለትም ወይዘሮ፣ እያልን የምንጠራቸው ኤሌና የቺሌ ሰው ነበሩ። በአገራቸው አንድ ጄኔራል መንግሥት ገልብጦ ሥልጣን ሲይዝ፣ ወታደሮች ተማሪ ልጃቸውን ራውልን ከቤት ወስደውት በዚያው ቀረ። እሳቸውም አንድ ነጭ ሸሚዙን ይዘው ተሰደው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እያጠቡ ይተኩሱት ነበር።

«ሲመጣ ይለብሰዋል» ብለውኝ ነበር በእንግሊዝኛ።

አፈ ፈጣን ልጅ ነበርኩና የራውልን ነገር ለእማዬ ስነግራት፣ «ሲመጣ ይለብሰዋል» ማለታቸውን ግን ሳልነግራት ቀረሁ። ደርግ የእማዬን ታላቅ ወንድም ወስዶ ሲገድልባት፣ ማልቀስ ተከልክላ አፏን በነጠላዋ አፍና ነበር የዋለችው። ስለዚህ አልቃሽ ያጣ ሰው ስትሰማ አንጀቷ አይችልም ነበር።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ልቅሶ የደረሳቸው የለም?» አለችኝ።

መስከረም ላይ አራት ጓደኞቿን ሰብስባ፣ ጥቁር ለብሰው፣ ንፍሮ ይዘው ሴኞራ ኤሌና ቤት ገቡና ማልቀስ ጀመሩ። ሴኞራ ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ለራውል ነው። ስለሞተ» አልኳቸው።

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። «ወሰዱት እንጂ አልሞተም!» ብለው ሁላችንንም አስወጥተው በሩን ዘጉት። ለካ መርዶ ነጋሪዋ እኔ ነበርኩ።

ብርዱ ገባ፣ የካውያው ሽታም ጠፋ። እማዬ ከሥራ ስትመለስ የተዘጋውን በር እያየች «ምን አደረግኳቸው?» ትል ነበር፤ እኔም ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እያወቅኩ ወደ ክፍሌ እገባ ነበር። በመጨረሻ ብቻዬን ሄጄ አንኳኳሁና የእማዬን ወንድም ታሪክ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው እስከ በሩ ሸኙኝ።

ዛፉ ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ የተተኮሰውን ሸሚዝ በክንዳቸው ይዘው መጡ።

«ወንድምሽን ቀበርሽው?» ብለው እናቴን ጠየቋት፤ ተረጎምኩላት።

«አልቀበርኩትም። አልቅሼለትም አላውቅ» አለች።

ሸሚዙን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ምንጣፉ ላይ ከጎኗ ተቀምጠው አቀፏት። እማዬ ከስንት ዓመት በኋላ የወንድሟን ስም እየጠራች ጮኻ አለቀሰች፤ ለልጃቸው ልቅሶ ያልፈቀዱት ሴኞራም ለእኛ ሰው አብረዋት አለቀሱ።

ሴኞራ ኤሌና ሸሚዙን ለእማዬ ትተው ካረፉ ቆዩ፤ ሸሚዙ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። አሁን ፎርት ዎርዝ ከተማ ስኖር የሰው ሞት በስልኬ በሁለት መስመር ይደርሰኛል፣ እኔም ሁለት ቃል ጽፌ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ግን ሸሚዙን እተኩሳለሁ። ልጄ ሸሚዙ የማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ያ ፈጣን አፌ ይዘገያል።

«የራውል ነው» እላታለሁ። «ወሰዱት።»

ሞተ አልላትም።