ከዘይት ካርቶን ፊት

ከመርሳ ወልድያ የሄድኩት የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ልሆን ነበር። አክስቴ ቤት አርፌ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰው በሰፈራችን ክፍል ተከራይቶ የከፈተው ስልጠና ገባሁ። ትወናና የቴሌቪዥን አቀራረብ ያስተምራል። እሱ ራሱ በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ ተውኗል፤ ሬሳ ሆኖ። “ተናግሮ ማሳመንማ ማንም ያሳምናል፤ ሳይተነፍሱ ማሳመን ነው ከባዱ” ይለን ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የተማርነው መሞት ነው። ወለሉ ላይ ተጋድመን፣ ዝንብ አፍንጫችን ላይ ሲያርፍ ዝም ማለትን ለመድን።

ይዞት የመጣውን ካሜራ ሊያስነካን ሲል ጦርነቱ ደረሰ። ታጣቂዎች ከተማዋን ያዙ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ወደ መርሳ የሚወስደው መንገድም ተዘጋ። አስተማሪያችን ካሜራውን በፌስታል ጠቅልሎ ጓሮ ቀበረው። ተማሪዎቹ ተበታትነው እኔና ከሐራ የመጣ አንድ ሽንኩርት ነጋዴ ብቻ ቀረን፤ እሱም እንደኔ መመለሻ አጥቶ ነው። ትምህርቱ አበቃ ስንል አስተማሪው ባዶ የዘይት ካርቶን ይዞ መጣ። የካርቶኑን ፊት በቢላ በስቶ የለስላሳ ጠርሙስ ቂጥ ሰካበትና ወንበር ላይ አቆመው።

“ካሜራ ነው” አለን። “ዓይናችሁ ከሱ እንዳይነቀል።”

የሚነበብ ስላልነበረ ከአክስቴ ቁም ሳጥን ላይ የተነጠፈ አሮጌ ጋዜጣ አመጣሁ። “ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ተመልካቾቻችን” ብዬ ስለ አንድ ድልድይ ምረቃ ማንበብ ጀመርኩ። ስጨርስ ከመስኮቱ ውጭ ጎረቤታችን ሐጂ ቆመው ነበር።

“ማሻ አላህ፣ ቆንጆ አነበብሽ ልጄ። የአየር ሁኔታውን ግን ዘለልሽው።”

“ሐጂ፣ ይሄ እኮ ልምምድ ነው። ጋዜጣውም የድሮ ነው።”

“ይሁና። የድሮውንስ መች ሰማሁት?”

በማግስቱ ሰው ይዘው መጡ። ሽንኩርት ነጋዴው የአየር ሁኔታ አቅራቢ ሆነ። ግቢ ወጥቶ ሰማዩን አንጋጦ ያይና ተመልሶ ባዶውን ግድግዳ በእንጨት እየጠቆመ “በሲሪንቃ ደመና ይታያል፤ በሐራ ግን ፀሐዩ ደስ ይላል” ይላል። ሐራን ከየት አይቶት! ናፍቆቱን ነው የሚያወራው። ዛሬ አይዘንብም ያለ ዕለት ዘንቦ፣ እሱን አምና በርበሬ ያሰጣች ሴት እርጥቡን በርበሬ ይዛ መጥታ ጮኸችበት። ይቅርታ ሊጠይቃት ቢዞር አስተማሪው “ይቅርታውን ወደ ካሜራው!” አለው። ወደ ካርቶኑ ዞሮ ጠየቃት።

ቀስ በቀስ ሰፈሩ የራሱን ዜና ያመጣልን ጀመር። ወፍጮ ቤቱ ናፍጣ አግኝቷል፤ የእገሌ አህያ ጠፍታለች። አንድ ቀን ሐጂ ብቻቸውን መጡ። ሾፌር የሆነው ልጃቸው ጦርነቱ ሳይደርስ ወደ ኮምቦልቻ እንደሄደ ወሬው ጠፍቷል።

“ልጄ ደህና ነው ብለሽ አንብቢልኝ።”

“ምንጩ ማነው ሐጂ?” አለ አስተማሪው።

“እኔ ነኛ፣ አባቱ።”

አስተማሪው ጥቂት አሰበና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እኔም “ወደ ኮምቦልቻ የሄደው የሐጂ ልጅ በደህና ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ አባቱ አስታወቁ” ብዬ አነበብኩ። ሐጂ ገና አሁን የሰሙ ይመስል “አልሐምዱሊላህ!” ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። እንባዬ መጣ።

“ፊትሽ ተበላሸ፣ ድገሚው” አለ አስተማሪው።

ደገምኩት። ሐጂም እንደገና አመሰገኑ።

ብዙም ሳይቆይ፣ እዚህ ቤት ቴሌቪዥን ጣቢያ አለ የሚል ወሬ የደረሳቸው ታጣቂዎች በሩን ገፍተው ገቡ። አለቃቸው ክፍሉን ቃኘና ወንበሩ ላይ ዓይኑን ጣለ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ካሜራ” አለ አስተማሪው፣ ከአፉ አምልጦት።

አለቃው አንስቶ አገላበጠው። “የዘይት ካርቶን ነው።”

“አዎን፣ የዘይት ካርቶን ነው።”

“ታዲያ ማን ነው የሚያያችሁ?”

“ማንም አያየንም።”

“እኛ እናያለን” አሉ ሐጂ ከመስኮቱ።

አለቃው ካርቶኑን ወደ ቦታው መለሰና “እስቲ ስሪ” አለኝ። የድልድዩን ምረቃ አነበብኩ። መሃል ላይ አንዱ ታጣቂ ወደ በሩ መሄድ ፈለገ፤ ካርቶኑን እንዳይከልል ጎንበስ ብሎ፣ መሣሪያውን ደረቱ ላይ አቅፎ በእግሩ ጣቶች አለፈ። አለቃው አፈጠጠበት። ግን ትንሽ ቆይቶ እሱም የኮሌታውን ቁልፍ ሲቆልፍ አየሁት።

ሲወጡ ካርቶኑን “ለምርመራ” ብለው ወሰዱት። “ጌታዬ፣ ነገ እኮ ትምህርት አለን” አለ አስተማሪው። እጁን ቆነጠጥኩት። በማግስቱ ሐጂ የፓስታ ካርቶን አመጡልን፤ ሰፋ ስለሚል ሁሉንም ያሳያል አሉ።

ታጣቂዎቹ ወጥተው መንገዱ ሲከፈት የሐጂ ልጅ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ሐጂ አቅፈው አልቅሰው ሲያበቁ እየጎተቱ እኔ ዘንድ አመጡት።

“ደህና ነው ብለሽ አልነበር? ይኸው ክንዱ ተሰብሯል!”

“ሐጂ፣ ምንጩ እኮ አንቱ ነዎት” አልኳቸው። ልጁ ክንዱን ደግፎ እስኪያመው ሳቀ።

የተቀበረው ካሜራ ውሃ ገብቶት ከጥቅም ውጭ ሆነ። ከጊዜ በኋላ ግን እውነተኛ የቴሌቪዥን ሰዎች ከተማዋን ሊቀርጹ መጡ። ሰልጥኛለሁ ብዬ ቀረብኩ፤ ገመድ አስያዙኝ። ያነጋገሩት ሐጂን ነው። ሐጂ ሻሻቸውን አስተካክለው ካሜራ ያዡን “ከደረት በላይ ነው ወይስ ሙሉ?” ብለው ጠየቁና፣ ዓይናቸውን ከሌንሱ ሳይነቅሉ፣ አንዴም ሳይሳሳቱ ተናገሩ። አስተማሪያችን ከኋላ ቆሞ እጁን እያፋተገ በኩራት ያይ ነበር።

ቀረጻው የተላለፈ ዕለት እናቴ ከመርሳ ደወለች። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ አይቷል።

“ክርንሽን አየነው” አለችኝ። “ምነው እንዲህ ከሳሽ?”